ከጉልበት ወደ ልብ

ቁንዝላ፣ ኅዳር 4 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለአብዱልበሲጥ፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ሰላምታዬ ሐይቁን ተሻግሮ ከነባለቤትህ ከነልጆችህ ባሕር ዳር ድረስ ይግባልህ። እኛ አልሐምዱ ሊላህ ደህና ነን። ልጄ ሉባባም እጅ ትነሣሃለች።

ሁለት ሳምንት ሳልጽፍልህ በመቅረቴ አትቀየመኝ። አንዱን ሳምንት ማዕበል ነው ተብሎ ጀልባዋ ቀረች፤ ሌላውን ሳምንት ደግሞ ጽፌ ሳልጨርስ ጥላኝ ሄደች። የስልክ መስመሩ ከጠፋ እነሆ አራተኛ ወሩን ሊይዝ ነው። በእሑድ ከዚያ ተነሥታ በረቡዕ ከዚህ የምትመለስ አንዲት ጀልባ ባትኖር ኖሮ አንተ ባሕር ዳር፣ እኔ ቁንዝላ ሆነን እንደ ሌላ አገር ሰው እንረሳሳ ነበር። የጀልባዋ ትኬት ቆራጭ ሀብተ ሥላሴ የላክኸውን መድኃኒት በእጄ አስረክቦኛል። አላህ ውለታህን ይክፈልህ።

ለጠየቅኸኝ መልሱ ይኸው፤ የቁርጥማቱን ክኒን እንደነገርኸኝ ነው የምውጠው። ብርዱ የጠና ቀን አንዷን እጨምር እንደሆነ እንጂ አላበዛም። እጄም ደህና ነው። ትናንት ለአንዲት ገበሬ አሥራ ሁለት ክንድ ጨርቅ በራሴ መቀስ ቆርጬ ሸጥሁ።

ወደ ጀልባ ማቆሚያው ለምን ራስሽ አትወርጂም ላልኸኝ፣ መንገዱ ጭቃ ሆኖብኝ ነው። ሉባባ እግሯ ቀላል ነው፤ እሷ ትወርዳለች።

አንድ ነገር ላስቸግርህ። ጨጓራዬ ተነሥቶብኛል። ከእንብርቴ በላይ ያቃጥለኝና እስከ መንጋጋዬ ይወጣል። የዘንድሮ በርበሬ ክፉ ነው። ያን ነጭ ሽሮፕ በሚቀጥለው ጀልባ ላክልኝ።

የሉባባን ኒካሕ ለጥር 18 ቆርጠናል። ሙሽራውን ሙሀመድሰዒድን ታውቀዋለህ፤ የወረታዎቹ ልጅ ነው፤ ሰው አክባሪ ነው። አባቷ በሕይወት ስለሌለ ደጋሹም ጋባዡም እኔ ነኝ። ስለዚህ እጄን አደራ።

እህትህ ዘይነት


ባሕር ዳር፣ ኅዳር 8 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለእታለም ዘይነት፤

ወዐለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ስለ ሉባባ በሰማሁት ደስ ብሎኛል፤ አላህ በኸይር ያድርግላት።

እታለም፣ በኅዳር የምን ጭቃ ነው?

ሽሮፑን ልኬልሻለሁ። የቁርጥማቱን ክኒን ግን ከወትሮው ግማሹን ነው የላክሁልሽ። አከፋፋዮቹ ዘንድ እጥረት አለ። ሌላ ነገር አይምሰልሽ።

እባክሽ እነዚህን በትክክል መልሽልኝ። የሚያቃጥልሽ ስትሄጂና ዕቃ ስታነሺ መጥቶ፣ ስትቀመጪ የሚተውሽ ነው? ምግብ ሳትቀምሺም ይነሣል? ግራ ክንድሽስ ይከብድሻል? ስትተኚ ትራስ ጨምረሻል?

ጽሕፈቴ የተበላሸው ሥራ በዝቶብኝ ነው። መድኃኒት ቤቱ ደህና ነው። እዚህ የተፈጠረ ነገር የለም። ይልቅ አንዲት ጎበዝ ሐኪም አውቄያለሁና ለጥቂት ቀን ብትመጪ አሳይሽ ነበር። የሰርግ ዕቃም አብረን እንገዛለን።

ወንድምሽ አብዱልበሲጥ


ቁንዝላ፣ ኅዳር 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለአብዱልበሲጥ፤

ሰላም ላንተ ይሁን። ፖሊስ ቃል ሲቀበል እንኳ ውኃ ያቀርባል። ያንተ ደብዳቤ ከላይ እስከ ታች ጥያቄ ብቻ ነው። ስሄድ ይደክመኛል፤ ስቀመጥ አርፋለሁ። በሃምሳ ሦስት ዓመቱ ሲሄድ የማይደክመው ማን ነው? ትራስ የጨመርሁት አሮጌው ስለሳሳ ነው። በቃህ?

እጥረት አለ ያልኸውን ሰማሁ። ምናልባት ረስተኸው ከሆነ ያን ጊዜ ላስታውስህ። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት፣ ጣቶቼ እንደ ዝንጅብል ያበጡ ጊዜ፣ የሉባባን የደንብ ልብስ ቁልፍ መቆለፍ አቅቶኝ ጎረቤት እንድትቆልፍላት ልጄን እልካት ነበር። ለሶላት ሱጁድ ወርጄ መነሣት አቅቶኝ ግድግዳ ይዤ አልቅሻለሁ። ሱቁን ልዘጋ ነበር። አንተ ያን ጊዜ ከኮሌጅ ወጥተህ መድኃኒት ቤት የገባህበት ዓመት ነው። የመጀመሪያውን ክኒን ላክህልኝ። በሦስተኛው ቀን መቀስ ያዝሁ። ልጄን ያሳደግሁት፣ ሱቄን ያቆምሁት በእነዚያ ክኒኖች ነው። ያንን ቀን ሳስበው እጅህን ብስመው አልጠግብም እላለሁ። አሁን ሰርግ በደጄ ቆሞ ግማሹን ትልክልኛለህ?

ቢሆንም አትጨነቅ። አንተ ብታጣ እኔ አላጣሁም። ቅዳሜ ገበያ ላይ በላስቲክ እየቋጠረች የምትሸጥ ሴት አግኝቼ ገዝቻለሁ። ስም አልተጻፈበትም፤ ቀለሙ ግን ካንተው ጋር አንድ ነው። ከሁለቱም እያደረግሁ እውጣለሁ፤ ሥራዬም አልቆመም።

ባሕር ዳር አልመጣም። ከሰርጉ በፊት አንድ ቀን የለኝም።

ዘይነት


ባሕር ዳር፣ ኅዳር 22 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለእታለም፤

ሰላምታውን ስላሳጠርሁት ይቅር በይኝ። ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ።

ከሁሉ በፊት ከገበያ የገዛሽውን ጣዪው። እኔ ከምልክልሽም ሁለት ዓይነት ክኒን ቢጫውን ከዛሬ ጀምሮ ተዪ። ነጩን ግን በድንገት እንዳታቋርጪ፤ የድሮውን ያህል ልኬልሻለሁ። እሱን ማሳነሴ ሌላ ጥፋት ነበር። ለዓመታት የተዋጠ ነገር ሐኪም እያየው ቀስ በቀስ ይቀነሳል እንጂ በአንድ ቀን አይቆረጥም። ይህን የማውቅ ሰው ሆኜ ስለ ደነገጥሁ ብቻ አጠፋሁ።

እጥረት አልነበረም። ዋሽቼሻለሁ።

ወይዘሮ ፀሐይወርቅ የሚባሉ ደንበኛ አሉኝ። ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረታ የወጡ ናቸው። ጣቶቻቸው እንደ አንቺ የተቆለመሙ፣ ጠዋት ከአልጋ ሲነሡ ባለቤታቸው ደግፈው የሚያቆሟቸው። ስድስት ዓመት ሙሉ ላንቺ የምልከውን ያንኑ ክኒን ስሰጣቸው ኖሬያለሁ። በጥቅምት መጨረሻ ከገበያ ሲመለሱ ደረታቸውን ይዘው ወደቁ። በሦስተኛው ቀን አንዲት ሐኪም ሱቄ ገባች። ዶክተር ወንጌላዊት ትባላለች። ባዶውን የክኒን ማሸጊያ ፊቴ አኖረችው።

«ይህን የሰጠሃቸው አንተ ነህ?»

«አዎ።»

«በማን ትእዛዝ?»

የሐኪም ወረቀት ጠይቄያቸው አላውቅም። ከእኔ በዕድሜ ታንሳለች፤ ብትጮኽብኝ በተሻለኝ ነበር። አልጮኸችም። ወንበር ስባ ተቀመጠችና እንደ ተማሪ አስረዳችኝ።

«ቁርጥማት የምንለው ይህ ሕመም በአንጓ ውስጥ ብቻ የሚኖር አይደለም» አለችኝ። «የሰውነት መከላከያ ጠላት ሳይመጣበት የራሱን አካል ሲወጋ የሚነሣ ብግነት ነው። ሲያብጥ የምናየው ጣትና ጉልበት ላይ ነው፤ ብግነቱ ግን በደም ይዞራል። ዓመት በዓመት ሲደራረብ የልብን ደም ሥር የውስጥ ግድግዳ ያቆስለዋል። በቆሰለው ላይ ስብ ይለጠፋል፤ መንገዱ ይጠባል፤ አንድ ቀን ይዘጋል። የታመመ ሁሉ እዚያ ይደርሳል ማለት አይደለም። ካልታመመው ሰው ይልቅ ግን ለእሱ ቅርብ ነው።»

«እኔ እኮ ሲሻላቸው አይቼ ነው» አልኋት።

«ሕመሙን ዝም አሰኘኸው እንጂ ብግነቱን አላጠፋኸውም። እሱን የሚያበርድ ሌላ መድኃኒት ነበር፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ማንም አላዘዘላቸውም፤ ምክንያቱም ተሽሏቸዋል ተብሎ ወደ ሐኪም አልሄዱም። ቢጫው ክኒን ደግሞ ሲበዛ በራሱ ለልብ ጠንቅ ነው። ነጩም ቢሆን እንዲህ ለዓመታት አይሰጥም።»

ከዚያ ጠየቀችኝ፤ «ከሁሉም ለረጅም ጊዜ የሰጠኸው ሰው ማን ነው?»

«እህቴ» አልሁ። «አሥራ አንድ ዓመት።»

«የት ናት?»

«ቁንዝላ፤ ከሐይቁ ማዶ።»

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ?» አለችኝ።

ያ ከሆነ ሦስት ሳምንቱ ነው። የጻፍሁልሽ ጥያቄ ሁሉ የእሷ ጥያቄ ነው። የመለስሽልኝን ባነበብሁላት ጊዜ «ይህ ጨጓራ አይመስለኝም» አለች። እታለም፣ እጄን እንደምትስሚ ጽፈሽልኛል። እኔ ደብዳቤሽን ይዤ ሱቁ ጓሮ ገብቼ እጄን ሳየው ቆየሁ። ቀጥሎ በሚመጣው ጀልባ ነዪ።

አብዱልበሲጥ


ቁንዝላ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

አብዱልበሲጥ፤

ደብዳቤህን ሉባባ ሱቅ ስትውል ብቻዬን አነበብሁት።

በክኒኑ አልተቆጣሁህም። አላወቅህም፤ እኔም ለምኜሃለሁ። የተቆጣሁት በሦስቱ ሳምንት ነው። እያወቅህ «እዚህ የተፈጠረ ነገር የለም» ብለህ ጻፍህልኝ። እናታችን ከሞተች ጀምሮ ያሳደግሁህ እኔ ነኝ። ደብተርህ ሲጠፋብህ እንኳ ዓይንህን አይቼ ከማውቀው ከእኔ የራሴን ልብ ጉዳይ ደበቅህ።

የእኔም ተራ ይኸውልህ። በነሐሴ ከጀልባ ማቆሚያው የጨርቅ ጥቅል አሸክሜ ዳገቱን ስወጣ፣ አንድ ሰው መጥቶ ደረቴ ላይ የተቀመጠብኝ መሰለኝ። ላቤ እንደ ውኃ ወረደ። ግራ ክንዴ የእኔ አልመስል አለኝ። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ሳርፍ ተወኝ። ከዚያ ወዲህ ቢያንስ አሥር ጊዜ መጥቶብኛል። አሁን ሱቁን ለመክፈት መዝጊያውን ስገፋም ይመጣል። ጭቃ የለም፤ ዳገቱን ፈርቼው ነው።

ለምን አልነገርሽኝም ትለኛለህ። ብነግርህ ክኒኑን ትከለክለኛለህ ብዬ ነው። ክኒኑ ከቀረ እጄ ይቀራል፤ እጄ ከቀረ ሱቄ ይቀራል። ልቤን አላየሁትም፤ እጄን ግን በየቀኑ አየዋለሁ። አሁን ዕውነቱን ሁሉ አውቀሃል።

ሆኖም አልመጣም። የሙሽራው ወገኖች ቀን ቆጥረው እየተዘጋጁ ነው። በዚህ ክፉ መንገድ ከወረታ ስንቱን አሳልፈው ነው የሚመጡት? አባት የሌላትን ልጅ እናቷም ሆስፒታል ተኝታ ልዳራት? ቢጫውን ትቻለሁ፤ ከገበያ የገዛሁትንም ምድጃ ውስጥ ጨምሬዋለሁ። ሥራም ለሰው ሰጥቻለሁ። ጥር 19 ቀን እንዳልኸኝ እሆናለሁ፤ ወላሂ።

ዘይነት


ባሕር ዳር፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለእታለም፤

የተቆጣሽው ትክክል ነው። ምንም አልከራከርም።

ሉባባን ግን አትቆጪብኝ። በደብዳቤሽ እጥፋት መካከል አንዲት ትንሽ ወረቀት ሸጉጣ ልካልኛለች። ከአንቺ ተደብቆ የሚሠራ ነገር በቅቶናልና ያለችውን ገልብጬልሻለሁ፤ «አጎቴ፣ እናቴ ሱጁድ ወርዳ ስትነሣ ትንፋሿ ሲቆራረጥ እሰማለሁ። ሰርጉ ይዘግይ ብላት ሬሳዬን ተራምደሽ አለችኝ። እኔ ሙሀመድሰዒድን አማክሬው ዓመትም ቢሆን እጠብቃለሁ ብሎኛል። እሷን ግን የሚያስረዳ ጠፋ።»

እታለም፣ የሚጠብቅ ሙሽራ አለ፤ የምትጠብቅ ልጅ አለች። አልጠብቅም ያልሽው አንቺ ብቻ ነሽ።

ዶክተር ወንጌላዊት ሳታይሽ ከነጩ በቀር ምንም መድኃኒት አልልክልሽም። ሳይታዩ መላክ እስካሁን ያደረገውን አድርጓል። መልስሽ እምቢታ ከሆነ በጥር 12 ጀልባ ራሴ መጥቼ ከሰርጉ ማግስት ይዤሽ እሄዳለሁ። እስከዚያ ምንም አታንሺ፤ ዳገት አትውጪ፤ ከመጣብሽ ተቀመጪ።

አብዱልበሲጥ


ቁንዝላ፣ መጋቢት 10 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለአብዱልበሲጥ፤

አሰላሙ ዐለይኩም። የተባረከ ረመዳን ይሁንላችሁ። ወር ከአሥር ቀን ቤታችሁ አስተኝታችሁ፣ ባለቤትህ ገላዬን አጥባ፣ ልጆችህ ውኃ አቀብለው አኑራችሁኛል። ቁንዝላ ከገባሁ ሁለት ጀልባ መጣ፤ ካንተ አንድም ቃል የለም። ፊት ለፊት እያየኸኝ ያልጠየቅኸኝን አሁን ልንገርህ፤ ምናልባት እሱ ይሆናል አፍህን የያዘው።

ያን ዓርብ፣ የሰርጉ ዋዜማ፣ የሚታረደው በሬ ወደ ግቢ ሲገባ ማየቴን አስታውሳለሁ። መጣብኝ። እንደ ሌላው ጊዜ ተቀመጥሁ። እንደ ሌላው ጊዜ ግን አልተወኝም። ከዚያ የማስታውሰው የዓሣ አጥማጆቹን የሞተር ጀልባ፣ ጭንቅላቴ ጭንህ ላይ መሆኑን፣ የሐይቁ ውኃ ፊቴን መምታቱን ነው። ማቆሚያው ላይ ሉባባ ጀልባውን ይዛ አልለቅም ስትል «ኒካሑን ካፈረስሽ አልምርሽም» ያልኋት ትዝ ይለኛል። እየሞትሁ መሆኔን እያወቅሁ ልጄን አስማልኋት።

ኒካሑን የአባቷ ወንድም አሰረላት። እኔ በዚያ ሰዓት አፍንጫዬ ላይ ቱቦ ተደርጎ ተኝቼ ነበር። ማክሰኞ ዕለት በሒና የተሳለ እጅ እግሬን ሲነካኝ ነቃሁ። ምን ለብሳ እንደነበር፣ ማን ማን እንደ መጣ፣ አንድም አልነገረችኝም። እኔም መጠየቅ አፈርሁ። እስካሁን አልጠየቅኋትም። አንዳንድ ቀን ጎረቤቶች ስለ ሰርጉ ሲያወሩ ጀርባዬን ሰጥቼ ጨርቅ አጥፋለሁ።

ዶክተር ወንጌላዊት ከልቤ ጡንቻ ከፊሉ እንደ ሞተ፣ እንደማይመለስም ነግራኛለች። «የቀረውን እናኑረው» አለችኝ። የልቡን መድኃኒት በየቀኑ፣ የብግነቱን ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ እውጣለሁ። በየወሩ ደሜን ልታይ ቀጥራኛለች። ጣቶቼ ጠዋት ጠዋት ከድሮው ፈጥነው ይፈታሉ፤ እንደ ክኒኑ ጊዜ ግን አይደሉም። ጨርቁን አሁን የምትቆርጠው የጎረቤት ልጅ ናት። ጾሙንም ሐኪሟ ከለከለችኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ሳልጾም ያለፈኝ ረመዳን ይህ የመጀመሪያው ነው። ሰው ሲያፈጥር አብሬ እቀመጣለሁ።

አንተስ? ሱቅህን ዘጋህ የሚል ወሬ ሀብተ ሥላሴ አምጥቷል። እንዳትዋሸኝ።

ዘይነት


ባሕር ዳር፣ መጋቢት 21 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለእታለም፤

ወዐለይኩሙ ሰላም። አልዋሽሽም። ሱቁን ለሁለት ሳምንት ዘግቼው ነበር፤ አሁን ተከፍቷል።

ወይዘሮ ፀሐይወርቅ በየካቲት መጨረሻ አረፉ። አንቺ ከሄድሽ በሁለተኛው ቀን ነው። ዝም ያልሁት በዚህ ነው፤ ያንቺን ስም በወረቀት ላይ ስጽፍ የእሳቸው እየመጣብኝ።

ለቅሶ ሄድሁ። ድንኳኑ ጥግ ተቀመጥሁ። ባለቤታቸው ጋሽ መርስዔ ኀዘን፣ እንግዳ ሲቀንስ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ስለ መምጣቴ አመሰገኑኝ። ያን ጊዜ ነገርኋቸው። ክኒኑን፣ ያለ ሐኪም መስጠቴን፣ ሐኪሟ ያለችኝን፣ ሁሉንም። ዓይናቸውን መሬት ላይ እንደ ተከሉ ሰሙኝ።

«ሲብስባት ወደ አንተ የምልካት እኔ ነበርሁ» አሉ። ቀና ብለው ደግሞ «ይህን የምትነግረኝ እንድምርህ ነው?»

«አላውቅም፣ ጋሼ።»

«እኔም አላውቅም። አሁን ሂድ። ሰው ሲበተን ተመለስ።»

በዐሥረኛው ቀን ተመለስሁ። ይሰድቡኛል ብዬ ነበር። «ሌላ ለማን ለማን ሰጥተሃል?» አሉኝ። ከማስታውሰው ሃያ ሦስት ሰው ነው። ወደ ሐኪም ሂዱ ልበላቸው ብዬ ለብቻዬ ጀምሬ ነበር፤ ያመነኝ የለም። «ዋጋ ሊጨምርብን ነው» ያለችኝ አለች። ጋሽ መርስዔ ኀዘን ይህን ሲሰሙ ነጠላቸውን አነሡ። «መድኃኒት ሻጭ አልሸጥም ቢል ማን ያምነዋል? ሚስቱ የሞተችበት ቢናገር ግን ይሰማል» አሉ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሰዓት ከሰዓት አብረን እንሄዳለን። እሳቸው ከዘራቸውን ይዘው ይቀድማሉ፤ እኔ እከተላለሁ። በር ሲከፈት የሚናገሩት እሳቸው ናቸው፤ ሁልጊዜ በአንድ ቃል ይጀምራሉ፤ «ባለቤቴ ፀሐይወርቅ ትባል ነበር።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ክኒኑን የሰጣት ይህ ነው» ይላሉ። እታለም፣ በየደጁ ይህን እየሰሙ መቆም ከባድ ነው። እስካሁን አሥራ አራት ቤት ገባን። ዘጠኙ ዶክተር ወንጌላዊት ዘንድ ሄደዋል። ሁለቱ በሩን ዘጉብን። ጋሽ መርስዔ ኀዘን እንደማሩኝ ግን እስካሁን አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም።

አንቺስ? የልብሽን ክኒን አንድ ቀን እንኳ አላለፈሽም?

አብዱልበሲጥ


ቁንዝላ፣ ሚያዝያ 8 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለአብዱልበሲጥ፤

ዒድ ሙባረክ። የልቤ ክኒን አንድም ቀን አላለፈኝም። ሉባባ ከወረታ መጥታ ዒድን ከእኔ ጋር ውላለች። እርጉዝ ናት፤ ገና ሁለተኛ ወሯ ነውና ለሰው አትንገር።

ደብዳቤህን ደግሜ ደጋግሜ አነበብሁት። ሽማግሌው ከዘራቸውን ይዘው፣ አንተ ከኋላ ሆነህ ስትሄዱ ታየኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም፤ ምክንያቱም እኔም የማንኳኳው ደጅ ነበረኝ።

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። የላክህልኝን ሁሉ እኔ ብቻ አልዋጥሁትም። ጉልበቷን ያመማት፣ ወገቧን የያዛት ሁሉ «ዘይነት፣ ያን የወንድምሽን መድኃኒት» እያለች ስትመጣ እሰጣት ነበር። በነጻ ነበር የምሰጠው፤ ጽድቅ እየሠራሁ መስሎኝ። ለአብዛኞቹ አንድ ሁለት ጊዜ ነው። ለሦስት ሴቶች ግን ለዓመታት ነው። ለአንዷ፣ ለሸዋዬ፣ ሰባት ዓመት።

ሸዋዬን በስም አታውቃትም፤ ጀልባ ማቆሚያው ላይ ዓሣ እየጠበሰች የምትኖር ናት። ስወድቅ መጀመሪያ የያዘችኝ እሷ ናት፤ ጨርቄን ፈትታ ያናፈሰችኝም እሷ። ሁለቱን ሴቶች ቤታቸው ሄጄ ነገርኋቸው፤ ደንግጠው ሰሙኝ። የሸዋዬን ግን ቀን በቀን ሳስተላልፍ ሰነበትሁ። በመጨረሻ ምጣዷ አጠገብ ሄጄ ተቀመጥሁ።

«የሰጠሁሽ ክኒን እኔን የጣለኝ ነው» አልኋት። የቀረውንም ሐኪሟ እንዳለችው አድርጌ ነገርኋት።

ዓሣውን ገለበጠች። «ሰባት ዓመት ራስሽ ሰጠሽኝ፤ ዛሬ ራስሽ ትከለክይኛለሽ?» አለች። «አንቺ ወንድም አለሽ፤ ባሕር ዳር ቤት አለሽ፤ ሐኪም አለሽ። እኔ ያለኝ ይህ እሳት ነው። እጄ ካልሠራ ማን ያበላኛል?»

ከአራት ወር በፊት እኔ ላንተ የጻፍሁትን ነው የነገረችኝ። ተነሥቼ ሄድሁ። ዘጠኝ ቀን አላናገረችኝም። መንገድ ላይ ስታየኝ ትሻገራለች። በዒድ ዕለት እንደ ልማዳችን ድርሻዋን ብልክላት መለሰችው።

ትናንት ጠዋት መጣች። ደጄ ላይ ቆማ ምሶሶውን ይዛ ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቀች። ከጀልባ ማቆሚያው እስከ ቤቴ ስንት እርምጃ እንደሆነ ታውቃለህ፤ ሦስት ጊዜ አርፋለች። «ዘይነት፣ እኔም ደረቴ ላይ ተቀምጦብኛል» አለችኝ። አብረን አለቀስን። ከዚያ ልብሷን አጠብሁላት፤ ምጣዷንም ሉባባ አጥባ እቤታችን አስቀመጠችላት። እስክትመለስ ድረስ ቦታዋን ማንም እንዳይይዘው ለዓሣ አጥማጆቹ ነግሬያለሁ።

ለጋሽ መርስዔ ኀዘን ሰላምታዬን አድርስልኝ። የማያውቁኝ ሴት ነኝ፤ ግን በያንዳንዱ ሶላቴ አነሣቸዋለሁ በላቸው።

ይህን ደብዳቤ የሰጠችህ ሴት ሸዋዬ ናት። ባሕር ዳርን አይታ አታውቅም፤ አብራት የመጣ ሰው የለም። ባጃጅ ተሳፈሪ ብዬ ብለምናት እምቢ ብላኛለችና ከወደቡ በእግሯ ነው የምትደርስህ። ወንበር ስጣት። ትንፋሿ እስኪመለስ ምንም አትጠይቃት።

እህትህ ዘይነት